ዳኛ ፊት ልቀርብ ሦስት ሳምንት ቀረኝ፤ ምን ልበል?

የደብረብርሃኗ፣ ማርች 4, 2025

ሰላም ለሁላችሁም። ሜሪላንድ ነው የምኖረው። 52 ዓመቴ ነው። 14 ዓመት ሆም ኬር ሠርቻለሁ፤ ሽማግሌ ማንሳት፣ ማጠብ፣ ከአልጋ ወደ ዊልቼር ማዘዋወር። አሁን ወገቤ ሁለት ቦታ ላይ ዲስኩ ተንሸራቷል። ስኳሩ ደግሞ እግሬን አደንዝዞታል። ሥራ ካቆምኩ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የዲሴብሊቲ (ታምሞ መሥራት ላቃተው ሰው የሚከፈለው) ማመልከቻዬን ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሁለቴ መለሰብኝ። አሁን ማርች 27 ዳኛ ፊት ሂሪንግ (ቃሌን የሚሰሙበት ቀጠሮ) አለኝ፤ በስልክ ነው ተብያለሁ።

ጠበቃ የለኝም። እንግሊዝኛዬ ለገበያ ቢበቃ እንጂ ለዳኛ አይሆንም። ዳኛ ሲባል እኔ የማውቀው ወንጀል የሠራ ሰው የሚቆምበትን ነው። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምንድን ነው የሚጠይቁኝ? ያለፈበት ሰው ካለ እባካችሁ።

---

ጋሽ ታክሲ፣ ማርች 4, 2025

አይዞሽ እህቴ። እኔ አልፌበታለሁ፤ ተሸንፌ ነው ያለፍኩት። ማታ ከቤት ስሆን በደንብ እጽፍልሻለሁ።

---

ፋይል ከፋች፣ ማርች 4, 2025

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ጠበቃ ቢሮ ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ የሰው ፋይል ስከፍት እውላለሁ።

በመጀመሪያ ደረጃ ልብዎ ይረፍ። ይሄ እንደሚያስቡት ችሎት አይደለም። ዐቃቤ ሕግ የለም፣ የሚከራከርዎት ሰው የለም፣ ለሕዝብም ክፍት አይደለም። ስልኩ ላይ የሚኖሩት ዳኛው፣ አስተርጓሚ፣ የሚቀዳው ሰው እና ብዙ ጊዜ ደግሞ አንድ የሥራ ኤክስፐርት (ስለ ሥራ ዓይነቶች የሚጠየቅ ባለሙያ) ነው። ቃለ መሐላ ይፈጽማሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት አያልፍም።

አሁን የሚያጣድፈው ሌላ ነው። ዛሬውኑ ጠበቃ መፈለግ ይጀምሩ። ገንዘብ የለኝም ብለው ከሆነ የተዉት፣ እዚህ ጉዳይ ላይ ጠበቃ የሚከፈለው ካሸነፉ ብቻ ነው። ያውም ከኋላ ከሚከፈልዎት ውዝፍ 25 ከመቶ ነው፤ ጣሪያው በ2025 9,200 ዶላር ነው። ከኪስዎ አያወጡም (የሕክምና ወረቀት ማስመጫ ትንሽ ወጪ ሊጠይቁ ይችላሉ፣ ሲፈርሙ ያንን ይጠይቁ)። ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡም አሉ። ጊዜው አጭር ስለሆነ አንዳንዱ እምቢ ይላል። ተስፋ አይቁረጡ፣ ሌላ ይደውሉ። ጠበቃ ልፈልግ ብለው ቀጠሮው እንዲለወጥ ዳኛውን መጠየቅም ይቻላል። አንድ ጊዜ መስጠት የተለመደ ነው፤ ግን ግዴታ የለበትም።

ሁለተኛው ማስረጃ ነው። ከሂሪንጉ አምስት የሥራ ቀን በፊት ወረቀቱ ሁሉ መግባት አለበት። የእርስዎ ማርች 27 ሐሙስ ነው፤ ስለዚህ እስከ ማርች 20። ሆስፒታሉ ሪከርዱን ካዘገየብዎት፣ «እንዲህ የሚባል ወረቀት ይቀረኛል፣ ጠይቄያለሁ፣ አልደረሰልኝም» ብለው እስከዚያው ቀን ድረስ በጽሑፍ ያሳውቁ። ካሳወቁ በኋላ ቢመጣ ይቀበሉዎታል። ዝም ብለው ቆይተው በሂሪንጉ ቀን ካነሱት ግን ዳኛው አላይም ማለት ይችላል።

ሦስተኛው፣ ፋይልዎን ይመልከቱ። ሂሪንግ ቢሮው ደውለው ይጠይቁ፤ መብትዎ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ እርስዎ ምን እንደተጻፈ ሳያዩ ዳኛ ፊት አይቅረቡ።

አስተርጓሚ ያዘዙ መሆንዎን ደግሞ ያረጋግጡ። ነጻ ነው፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ነው የሚያመጣው። ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉ።

---

የደብረብርሃኗ፣ ማርች 4, 2025

እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ። ፋይል ማየት እንደሚቻል እንኳ አላውቅም ነበር። ነገ እደውላለሁ።

---

ጋሽ ታክሲ፣ ማርች 5, 2025

እንደ ቃሌ መጣሁ። የእኔን ስሚኝና ተማሪበት።

2022 ላይ ነው። ብቻዬን ገባሁ፤ ጠበቃ ምን ያደርግልኛል ብዬ። ዳኛዋ ደህና ሴት ናት፣ በትህትና ነው የጠየቀችኝ። «እንዴት ነዎት?» አለች። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ!» አልኩ። ምን ልበል ታዲያ? ሰው እንዴት ነህ ሲልሽ ሌላ ምን ይባላል?

ይሄስ ምንም አይደል። ቀጥላ «ምን ያህል ክብደት ማንሳት ይችላሉ?» አለች። አሁን በስልኩ ወዲያ ማዶ ሴት ዳኛ፣ ወዲህ ሴት አስተርጓሚ። ወንድ ልጅ ሴት ፊት አቃተኝ ይላል? «ኧረ እኔ እኮ ድሮ ኩንታል ነበር የምሸከመው!» አልኩ። «አሁንስ? 50 ፓውንድ ያነሳሉ?» «አያቅተኝም።» አለቀ። ውሳኔው ሲመጣ ያቺ «አያቅተኝም» ቁልጭ ብላ ተጽፋለች። በዚያ ቀን እኮ ሚስቴ ናት ካልሲዬን ያጠለቀችልኝ።

ሌላው ስህተቴ ደግሞ የውሳኔው ደብዳቤ ሲመጣ ተናድጄ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ይግባኝ ለማለት 60 ቀን አለሽ፤ ለፖስታው አምስት ቀን ይጨምሩልሻል። እኔ ሳነበው አራተኛ ወር ነበር። ከዜሮ ጀመርኩ። አሁን ሁለተኛ ዙር ላይ ነኝ።

ታክሲ ነጂ ለሆናችሁ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከርዕሱ ብወጣም። ታክስ ስናሳውቅ ገቢ ዝቅ እናደርግ ነበር። ያኔ ብልጠት መስሎን። ሶሻል ሴኩሪቲ ግን ክሬዲት (ዲሴብሊቲ ለማግኘት የሚጠራቀመውን የሥራ ነጥብ) የሚቆጥረው ከዚያው ካሳወቅነው ላይ ነው። በ2025 አንድ ክሬዲት 1,810 ዶላር ነው፣ በዓመት ቢበዛ አራት። ያላሳወቅከው አይቆጠርም።

---

እውነቱን ልናገር፣ ማርች 5, 2025

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የእኛ ሰው ጥሬ ገንዘብ እየሠራ ዲሴብሊቲ የሚጠይቅ ስንት አለ? ከዚያ የእውነት የታመመው ይመለስበታል። ሰው ምን መልስ እንደሚሰጥ ማሠልጠን ትክክል ነው?

---

ፋይል ከፋች፣ ማርች 5, 2025

ሐሰት እንድትናገር የመከራት ሰው የለም ወንድሜ። ተደብቆ መሥራት ማጭበርበር ነው፤ በመሐላ መዋሸት ደግሞ የባሰ። ትንሽ መሥራት ግን በራሱ ክልክል አይደለም። በ2025 የገቢው መስመር በወር 1,620 ዶላር ነው፤ ዓይነ ስውር ላልሆነ ሰው። ከዚያ በላይ እየሠራህ ከሆነ ገና በመጀመሪያው ጥያቄ ትወድቃለህ። ከዚያ በታች ከሆነ ተናገረው፣ ዳኛው ከታክስህ ያየዋል።

የእኛ ሰው በብዛት የሚወድቀው ግን አጋንኖ አይደለም። ጋሽ ታክሲ እንዳሉት አሳንሶ ተናግሮ ነው።

---

አስተርጓሚው፣ ማርች 6, 2025

ብዙ ሂሪንግ ላይ አስተርጉሜአለሁ። የማንንም ጉዳይ አላነሳም፤ አማርኛችን የሚያመጣብንን ጣጣ ብቻ ልናገር። ይሄን ጠበቃም አይነግርዎትም፣ አማርኛ ስለማይችል።

«እጄን ያመኛል» ሲሉ የቱን ነው? እኛ ከትከሻ እስከ ጣት ያለውን ሁሉ እጅ እንላለን። እንግሊዝኛ ሁለት ቃል አለው፤ ዳኛው ደግሞ ሁለቱን ለይቶ ነው የሚመዝነው። ክንዱ የታመመ ሰው ዕቃ ከላይ ማውረድ ያቅተዋል፤ ጣቱ የደነዘዘ ሰው ቁልፍ መቆለፍ፣ ሳንቲም መልቀም፣ መጻፍ ያቅተዋል። ለሥራ ጉዳይ ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። እግርም እንደዚያው ነው። ስለዚህ «ከጉልበቴ በታች እስከ ጣቶቼ»፣ «መዳፌና ሦስቱ ጣቶቼ» እያሉ በቦታ ይናገሩ። አስተርጓሚው ገምቶ ከሚመርጥልዎት እርስዎ ይምረጡለት።

ሕመሙንም ስም ይስጡት። ይወጋል? ይጠዘጥዛል? ያቃጥላል? ይደነዝዛል? ይቆረጥማል? አማርኛ በዚህ ሀብታም ነው። «ያመኛል» ብቻ ብለው ከሄዱ የሚተረጎመውም ያው ነው።

ከዚያ ሰዓት። አንዲት እናት «ከሦስት ሰዓት በፊት መነሳት አልችልም» ስትል፣ ሀበሻ ሁላችንም ጠዋት ሦስት ሰዓት እንደሆነ እናውቃለን፤ በፈረንጅ ዘጠኝ። እየተጣደፈ የሚተረጉም ሰው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት (በፈረንጅ ሦስት) አድርጎ ሊያወጣው ይችላል። ዘመኑም እንዲሁ፤ የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት አለ። በፈረንጅ ቆጥረው ይግቡ፣ ወረቀት ላይ ጽፈው።

የመጨረሻዋ ትንሽ ትመስላለች። በስልክ ሲያወሩ አየር ወደ ውስጥ ስበው «አዎ» ማለትን ይተዉ። ያቺ የምናውቃት ትንፋሽ። ዳኛው አይሰማትም፤ ቢሰማም የደነገጡ ወይም የታመሙ ይመስለዋል። የሚቀዳው መሣሪያም አይዛትም። አዎ ከሆነ በድምፅ አዎ።

አስተርጓሚው ካልገባዎት ወይም ትግርኛ ተናጋሪ ሆኖ አማርኛው ከተደናቀፈ ወዲያው ይናገሩ። ነውር አይደለም። እኔ ራሴ ቢሉኝ አልቀየምም።

---

የበኩር ልጅ፣ ማርች 7, 2025

እናቴ ባለፈው ዓመት ነው በዚህ ሂሪንግ ያለፈችው፤ ተፈቀደላት። እኔ ምስክር ሆኜ ገብቼ ነበር።

እማዬን የከበዳት የቀን ውሎ ጥያቄ ነው። «ምግብ ታበስያለሽ?» «አዎ።» «ቤተ ክርስቲያን ትሄጃለሽ?» «በየሳምንቱ!» እሷ በኩራት ነው የምትመልሰው። ፈረንጁ ደግሞ የእኛን ቅዳሴ አያውቅም እንጂ ቢያውቅ ኖሮ ሦስት ሰዓት ቆማ ትውላለች ብሎ ይጽፍ ነበር። እውነቱ ግን እማዬ የምትደርሰው ሊያልቅ ሲል ነው፣ ከኋላ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ መሐል ላይ መኪና ውስጥ ገብታ ትጋደማለች። ስግደት ከተወች ሦስት ዓመቷ ነው፤ ለሷ ይሄ ራሱ ሐዘን ነው። ጠበቃዋ «አዎ ካልሽ በኋላ ‹ግን› ብለሽ ቀጥይ» አላት። እሷም ያንን ይዛ ገባች።

እትዬ፣ ከዘራ ይይዛሉ? እማዬ የምትደገፈው በመቋሚያ ነበር። ጠበቃዋ አስፈላጊነቱ በሐኪም ወረቀት ላይ ያልተጻፈ ከዘራ እንደሌለ ይቆጠራል አላት። ሐኪሟ ለምን እንደሚያስፈልጋት፣ መቼ እንደሚያስፈልጋት ጻፈላት። ሁለት መስመር ናት፣ ግን ጠቀመች።

አሁን ጾም ላይ ነን፣ ስለዚህ ይሄንንም ላንሳው። ሪከርዷ ላይ «መድኃኒቷን በአግባቡ አትወስድም» የሚል ነበረበት። በጾም ጊዜ የጠዋቱን የስኳር ክኒን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታቆየው ነበር። አንድ ዓመት ደግሞ አገር ቤት ጠበል ገብታ ሁለት ወር ሐኪም አላያትም። ዳኛው ሁለቱንም ጠየቀ። አልደበቀችም፤ የንስሐ አባቷ አሁን ክኒኑን በሰዓቱ እንድትወስድ እንደፈቀዱላት ነገረችው። ስለ በረራውም ጠየቃት፦ «አዲስ አበባ 13 ሰዓት ነው፣ እንዴት ተቀመጡ?» ግማሹን መንገድ ከኋላ መጸዳጃው ጋ ቆማ እንደሄደች፣ ደርሳ አራት ቀን ከአልጋ እንዳልወረደች ተናገረች። አስቀድማ ስላሰበችበት ነው የመለሰችው።

---

የደብረብርሃኗ፣ ማርች 11, 2025

ጉድ ልንገራችሁ። ፋይሌን አየሁ። ከልጄ ጋር ሌሊቱን ስናነበው አደርን።

አንዱ ቅጽ ላይ ሥራ ያቆምኩት 2015 ነው ይላል! ቅጹን የሞላልኝ የአጎቴ ልጅ ነው። በስልክ «መጋቢት 2015 ነው ያቆምኩት» አልኩት፣ በእኛ አቆጣጠር። እሱም እንዳለ ጻፈው። ማርች 2023 ማለት እኮ ነው። ሌላው ወረቀት ላይ ደግሞ እስከ 2023 ደመወዝ ሲከፈለኝ ይታያል። ሰው ሲያነበው ስምንት ዓመት እየሠራሁ ታምሜአለሁ ያልኩ ነው የምመስለው። ውሸታም ተብዬ ነው ሁለቴ የተመለስኩት?

---

ፋይል ከፋች፣ ማርች 11, 2025

ሁለቴ የተመለሱት በዚህ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች የሚመለሰው ሰው ብዙ ነው። ግን ስህተቱን በጥሩ ጊዜ ነው ያገኙት። ይሄ ይስተካከላል። ለዳኛው አጭር ደብዳቤ ይጻፉ፦ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ መሆኑን፣ ትክክለኛው ማርች 2023 መሆኑን። የመጨረሻ የደመወዝ ወረቀትዎን አያይዙ። ሂሪንጉ ሲጀምርም በአፍዎ ይድገሙት። ዳኛው ራሱ አግኝቶ ከሚጠይቅዎት እርስዎ ቀድመው ቢያነሱት ይሻላል።

ጠበቃ አገኙ?

---

የደብረብርሃኗ፣ ማርች 13, 2025

ሁለቱ ጊዜ የለንም አሉኝ። ሦስተኛዋ ያዘችልኝ። ትናንት ፈረምኩ። ደብዳቤውን እሷ ትልካለች። እኔን የጠየቀችኝ ደግሞ ዕድሜዬን ነው፣ ደጋግማ። 52 መሆኔ ደስ ያላት ይመስላል። ለምንድን ነው?

---

ፋይል ከፋች፣ ማርች 13, 2025

እሰይ! ዕድሜው እንዲህ ነው። ከ50 በታች ያለ ሰው ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ እንኳ እንደማይችል ማሳየት አለበት። 50 ከሞላ በኋላ ሕጉ ይላላል። እርስዎ የሠሩት ሥራ ሰው ማንሳት ነው፤ ከባድ ነው። ወደዚያ መመለስ እንደማይችሉ ከታመነ፣ ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ቀለል ያለ ሥራስ ይችላሉ ወይ ነው። ቀለል ያለ የሚሉት እስከ 20 ፓውንድ ማንሳት፣ ከስምንቱ ሰዓት ስድስቱን ያህል በእግር መዋል ነው። «አይ፣ ተቀምጣ ብቻ ነው፣ ከ10 ፓውንድ በላይ አታነሳም» ከተባለ፣ በእርስዎ ዕድሜና ወደ ሌላ ሥራ የሚሻገር ሙያ ከሌለ ብዙ ጊዜ ውጤቱ ይፈቀድ ነው። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አልጋ ላይ ነኝ ማለት አይጠበቅብዎትም። እግርዎ ለምን እንደማያቆምዎት ነው ዋናው።

በፊት እንግሊዝኛ አለመቻልም ይረዳ ነበር። ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ቀርቷል። አገር ቤት የተማሩት 12ኛ ክፍልም እንደ ትምህርት ይቆጠራል። የድሮ ምክር የሚሰጥዎት ሰው ካለ ይሄን ይወቁ።

የሥራ ኤክስፐርቱ ሲናገር ደግሞ አይደንግጡ። ዳኛው «እንዲህና እንዲያ ማድረግ የማይችል ሰው ቢኖር ምን ሥራ አለው?» እያለ የሰው ምሳሌ ይሰጠዋል። ያ ሰው እርስዎ ነዎት፣ ግን ገና አልተወሰነም። የመጀመሪያው ምሳሌ ላይ «ሥራ አለ» ሲል ሰምተው የሚያለቅሱ አሉ። ቆይተው ይስሙ። ጠበቃዋ በተራዋ «በወር ሦስት ቀን የሚቀር ሰውስ?» ትለዋለች፤ ብዙ ጊዜ መልሱ «እሱን የሚቀጥር የለም» ነው።

---

ጋሽ ታክሲ፣ ማርች 14, 2025

አንድ ጋሎን ወተት ወደ 8 ፓውንድ ተኩል ነው። እሱን በእጅሽ ይዘሽ ለኪው። ከጤፍ ከረጢቱ ጋር ደግሞ አታምታቺ፣ እሱ 25 ነው።

---

የደብረብርሃኗ፣ ማርች 28, 2025

ትናንት አለፈ። 50 ደቂቃ ፈጀ።

ገና ሲጀምር ዳኛው «ዛሬ እንዴት ነዎት?» አለኝ። ምላሴ ጫፍ ላይ «ተመስገን» ደርሳ ነበር። ጋሽ ታክሲን አስታወስኩና ሳቄ መጣ። «ስላገኘሁዎት ደስ ብሎኛል፣ ዛሬ ግን ወገቤ አስነስቶኝ ከሌሊቱ ጀምሮ ቁጭ ብያለሁ» አልኩት።

ስለ ቀኑ ጠበቃዋ ቀድማ ተናገረች። ዳኛው ራሱ ስለ አቆጣጠሩ ሁለት ጥያቄ ጠየቀ፣ ከመሰልቸት ሳይሆን የገረመው መሰለኝ። መስከረም አዲስ ዓመት ነው ስለው «አሃ» አለ።

ከዚያ ውሎዬን። እንጀራ ትጋግሪያለሽ አላለም፤ ታበስያለሽ ወይ አለ። አዎ፣ ግን ሽንኩርት የምከትፈው ተቀምጬ ነው፣ እንጀራ ከተውኩ ዓመት አልፎኛል፣ ምጣዱ ጋ መቆም አልችልም አልኩ። ለ30 ዓመት የጋገርኩትን እንጀራ ከሱቅ እንደምገዛ ስናገር ድምፄ ተቆረጠ። ለማስመሰል አልነበረም። ጠበቀኝ።

መሐል ላይ 20 ደቂቃ ያህል ከተቀመጥኩ በኋላ ልነሳ ይፈቀድልኝ አልኩ። ቆሜ ነው የቀጠልኩት። እግሬን «ከጉልበቴ በታች፣ መርገጫዬ እሳት እንደረገጠ ያቃጥላል፣ ከዚያ ይደነዝዛል» አልኩ። አስተርጓሚዋ ጎበዝ ናት። ሁለት ጊዜ በትንፋሽ አዎ ብዬ ነበር፣ «በድምፅ ይበሉ» አለችኝ። ልማድ ክፉ ነው!

ኤክስፐርቱ መጀመሪያ ሦስት ሥራ ቆጠረ። ሆዴ ቡጭ አለ። ከዚያ ልክ እንዳላችሁኝ ምሳሌው እየጠበበ መጣ። ውሳኔው በፖስታ ይመጣል ተባልኩ።

---

እውነቱን ልናገር፣ ማርች 28, 2025

እህቴ፣ የእንጀራውን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። ቅድም የጻፍኩት ላንቺ አልነበረም። ይቅርታ።

---

የደብረብርሃኗ፣ ጁን 9, 2025

መጣ! ሙሉ በሙሉ ተፈቅዷል፣ ከማርች 2023 ጀምሮ። ልጄ ሦስት ጊዜ አነበበችልኝ። አንድ ያልገባኝ፦ ክፍያው የሚጀምረው ከሴፕቴምበር 2023 ነው ይላል። አምስት ስድስት ወር የት ሄደ? ሜዲኬሩስ (የመንግሥት የጤና መድኑ)?

---

ፋይል ከፋች፣ ጁን 9, 2025

እልልል! ስህተት አይደለም። ሕጉ ከታመሙበት ቀን በኋላ አምስት ሙሉ ወር አይከፍልም። ማርች ስላልሞላ ከኤፕሪል እስከ ኦገስት ይቆጠራል፤ ስለዚህ ሴፕቴምበር። ሜዲኬር ደግሞ ከመጀመሪያው የክፍያ ወር 24 ወር ይጠበቃል። ሴፕቴምበር 2025 ይጀምርልዎታል። እስከዚያ ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠው የጤና መድን) ካለዎት አያቋርጡ። የጠበቃዋን ድርሻ ቀንሰው ነው የሚልኩልዎት፣ እርስዎ አይክፈሉ።

---

ጋሽ ታክሲ፣ ጁን 10, 2025

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። የእኔ ጁላይ 15 ነው። አሁን ጠበቃ አለኝ። ከስልኬ አጠገብ ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጥፌአለሁ፤ አንደኛው መስመር «ኩንታል እንዳታነሳ» ይላል። ሚስቴ ናት የጻፈችው።